ልብ ድንገት ሲሮጥ፦ የት እንታይ፣ ምን እንግዛ?

ቁጭ ባለበት ልቡ ድንገት ትር ትር ብሎ ድንገት መለስ ለሚልለት ሰው የት ይሻላል ላላችሁ፣ የኔ ጥቆማ ይኸውና።

መጀመሪያ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አይደለም። ብዙ ሰው ኤኮ ብቻ ተነስቶ «ልብህ ጤነኛ ነው» ተብሎ ይሸኛል። ኤኮ የልብን ጡንቻና ቫልቭ ነው የሚያሳየው፤ ኤሌክትሪኩን አያይም። ልብን እንዲህ ድንገት ከሚያስሮጡት አንዱ፣ ዎልፍ ፓርኪንሰን ዋይት የሚባለው ችግር ግን የኤሌክትሪክ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚያሻግር ትርፍ መንገድ አብሮ ይወለዳል። ብዙ ጊዜ ልብ በተረጋጋበት ሰዓት እንኳ ኢሲጂው ላይ ይታያል፦ ሹሉ መስመር ቀጥ ብሎ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ዳገት ይሠራል። ዴልታ ይሉታል። ለማንሳት ባለ 12 መስመር ማሽን ያለው የሰፈር ክሊኒክ ይበቃል፤ የሚያነበው ግን የልብ ሐኪም ይሁን። ወረቀቱን ቶሎ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየደበዘዘ ይጠፋል።

ጥቁር አንበሳ ሪፈር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። የግሎቹ ዋጋ ይለያያልና ቀድማችሁ ደውሉ።

— ሆልተር ይሻለኛል ወይስ ሰዓት ልግዛ?

በየቀኑ የሚነሳብሽ ከሆነ ሆልተር። ደረትሽ ላይ ተለጥፎ 24 ወይም 48 ሰዓት ይመዘግባል። በወር አንዴ ከሆነ ግን ምንም ሳይዝ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ኢሲጂ የሚያነሳ ሰዓት ይሻላል። አፕል ዎች ከሲሪስ 4 ጀምሮ አለው፣ ኤስኢው ግን የለውም፤ ስትገዢ አደራ። ሲነሳብሽ የኢሲጂ አፑን ከፍተሽ የጎኑን ክብ ተሽከርካሪ ቁልፍ 30 ሰከንድ በጣትሽ ንኪና ውጤቱን ለሐኪምሽ አሳዪ። ሰዓቱ የበሽታውን ስም አይነግርሽም።

— መድኃኒት ወይስ አብሌሽን?

ለሚደጋገምበት ሰው እኔ አብሌሽን እላለሁ። በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ ትርፉ መንገድ ይቃጠላል። ደረት አይከፈትም፣ ከ10 ሰው 9ኙ ይድናል። ሕንድም ሂዱ ሌላ አገር፣ «ኤሌክትሮፊዚዮሎጂስት (የልብ ኤሌክትሪክ ሐኪም) አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥር መክፈቻ) የሚያስገባ ሁሉ ይህን አይሠራም።

ዎልፍ ፓርኪንሰን ዋይት እንዳለባችሁ ከታወቀ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ የችግሩን ስም ቀድማችሁ ተናገሩ። ምቱ ፈጥኖም ተዘበራርቆም ከሆነ፣ ለሌላው የልብ ሕመምተኛ የሚሰጡት ቬራፓሚልና ዲጎክሲን የሚባሉት መድኃኒቶች ለእናንተ አደገኛ ናቸው። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት።