አባባን «ቁጭ በል» ማለት እናቁም ወይ?

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)
አቦ ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። አባባ 76 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ሻወር ቤት አዳልጦት ወደቀ። እግዜር ይመስገን አልተሰበረም። ግን ከዚያ ወዲህ ቤቱ በሙሉ ፈራ። ውኃ እናቀብለዋለን፣ ሬዲዮውን እናቀርብለታለን፣ ሊነሳ ሲል «ቁጭ በል አባባ» ነው። አሁን ከወንበር ለመነሳት ሁለቴ ሦስቴ ይሞክራል። ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር የሚጠጣትን ሻይም ትቷታል።

ከዘራ ገዛሁለት። «ከዚራ ሰፈር ላይ ከዘራ ይዤ? ሰው ምን ይለኛል!» ብሎ በሩ ጀርባ አቆማት።

አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ፣ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያስተባበረው «ላይፍ» የሚባል ጥናት አለ፣ አባባን አስነሱት ይለኛል። እህቴ ደግሞ «የፈረንጅ ሽማግሌና የኛ አንድ ነው? በዚህ ሙቀት?» ትላለች። ማንን ልስማ?

ፊዚዮ ከሐረር
ወንድሜ፣ ፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ሥራዬ ስለሆነ ጥናቱን አውቀዋለሁ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 ሰዎች ነበሩበት። ስፖርተኞች አይደሉም። መቀመጥ የሚያበዙ፣ እግራቸው የደከመ፣ ግን 400 ሜትር ያለ ሰው እርዳታ መራመድ የሚችሉ ናቸው። ግማሾቹ እርምጃ፣ የእግር ጡንቻና የሚዛን ልምምድ ሠሩ። የቀሩት የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። በአማካይ 2.6 ዓመት ተከታተሏቸው። ያቺን 400 ሜትር መራመድ ያቃታቸው ከተንቀሳቀሱት 30.1 በመቶ፣ ከሌሎቹ 35.5 በመቶ ሆኑ። በ2014 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው።

ተአምር አይደለም። ግን 400 ሜትር ማለት ሻይ ቤት ደርሶ መመለስ ነው እኮ።

አባትህን በወንበር ፈትናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣምሩ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ተነስተው እንደሚቀመጡ ቁጠር። አጠገባቸው ቁም፣ ወንበሩም ግድግዳ ይደገፍ። በሳቸው ዕድሜ ላለ ወንድ ከ11 በታች ከሆነ እግራቸው ደክሟል። ፈተናው ራሱ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያሠሯቸው።

ከዘራዋ ደግሞ የምትያዘው ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁመቷም ቀጥ ብለው እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ የእጅ አንጓቸው ላይ ትድረስ።

የጁገል ልጅ
ድሬ ሜዳ ነው፣ ምን አላችሁ! እናቴ ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ ነው የምትኖረው። መንገዱ ድንጋይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እኛም «አትውጪ» ብለን ነበር። አንድ ቀን ቤት ስንገባ የለችም! ጎረቤት ሄዳ ቡና ስትጠጣ አገኘናት። ከዚያ ወዲህ ተውናት። ነጠላ ጫማዋን ብቻ ተረከዝ በሚይዝ ጫማ ቀየርንላት፣ በቃ።

ሳቢያን
ቀስ በሉ እንጂ። የአጎቴ ጉልበት አብጦ ነበር፣ «ተራመድ» ብለን ባሰበት። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ፊዚዮ ከሐረር
ልክ ነህ። ያበጠ ጉልበት፣ ማዞር፣ የደረት ሕመም ካለ ቅድሚያ ምርመራ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ሲነሱ ያዞራቸው እንደሆነ ጠይቁ። ስለ ሙቀቱ እህትህ አልተሳሳተችም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይውጡ። ሻወር ቤቱስ? መያዣ ብረትና የማያዳልጥ ምንጣፍ አስገባችሁ?

የለገሃር ልጅ
ኧረ አላስገባንም! ሰውዬውን አስቀመጥን፣ ወለሉን ረሳነው። ነገ ብረት በያጅ ይመጣል።

ወንበሩን ሞከርን፣ 8 ነው። ተናደደና «ድገመው» አለኝ፣ በግድ አስቆምኩት። ሐኪም ካየው በኋላ ሻይዋ ጋ አብረን ልንሄድ ተስማምተናል። ከዘራዋን እኔ ልያዝልህ ብለው «ያዛት፣ የደከምከው አንተ ትመስላለህ» አለኝ።