ስኳር ያለባት እናቴ ቅልጥሟ ተሰብሮ አልገጥም አለ፤ ምን እናድርግ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎንደሮች። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ከደረጃ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰበረና ጀሶ ከታሰረላት ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ሰሞኑን ራጅ ተነሳች፤ ሐኪሙ «ገና አልያዘም፣ ስኳሩ ነው የሚያዘገየው» ብሎ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። ወረፋው ብዙ ስለነበር ዝርዝሩን መጠየቅ አልቻልኩም። ስኳርና አጥንትን ምን አገናኛቸው? ጎረቤቱ ሁሉ «ጀሶውን አስፈቱና ወጌሻ ይሻት» ይላል። የእሷም ልብ ወደዚያው አድልቷል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርሷ ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። ነገሩ ያለው ደም ስሩ ላይ ነው። አጥንት ሲሰበር መሃሉ ላይ ደም ይረጋል። ከዚያ ጆሯችን ላይ እንዳለው ዓይነት ልም አጥንት ይሠራና ሁለቱን ጫፍ ያያይዛል። ይህ ልም አጥንት ወደ ጠንካራ አጥንት የሚለወጠው አዳዲስ ቀጫጭን የደም ስሮች ሲገቡበት ነው። ኦክስጅኑም ምግቡም አጥንት ገንቢ ሴሎቹም የሚመጡት በእነሱ በኩል ነው።

ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም የደም ስርን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል። ደም ስር እንዲበቅል የሚያዘው ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲንም ስብራቱ ቦታ ላይ ይዳከማል። በዚያ ላይ ልም አጥንቱ ጠንካራው ሳይተካው ያለጊዜው ይበላል።

ግን አትደንግጪ። ቅልጥም ስኳር በሌለበት ሰው ላይም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ገና አልያዘም ማለት አይገጥምም ማለት አይደለም።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ስለ ወጌሻው እኔ ልመልስ። እባክሽ እህቴ፣ እንዳታስነኪያት! ሲታሽ ስብራቱ ይነቃነቃል፤ በስንት መከራ የበቀሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ይበጠሳሉ። በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደግሞ ደም ይቋረጣል። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ እናታችን ላያማቸው ይችላል። በዚህ መንገድ እግር ጠቁሮ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ጠዋት ጠዋት ከጀሶው የወጡትን ጣቶች እይላቸው። ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ይነጣና በሁለት ሰከንድ ገደማ መልሶ ይቀላል። ከዘገየ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ከጀሶው ውስጥ ሽታ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሻቸው ሂጂ። በጣቶቹ መሃልም ቁስል ፈልጊ።

የአራዳው፦
አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አባቴም ስኳር አለባቸው። የዓይን ሐኪሙ «ዓይንዎ ውስጥ ትርፍ ደም ስር በቅሏል» ብሎ በሌዘር አከማቸው። እዚያ በዝቶ እዚህ እንዴት ያንሳል?

ነርሷ ከአዘዞ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ዓይን ውስጥ ስኳሩ ጥቃቅኑን ደም ስር ይዘጋዋል። ኦክስጅን ያጣው የዓይን ክፍል ያንኑ ቪኢጂኤፍ ከልክ በላይ ያመነጫል። የሚበቅለውም ደካማና ደም የሚያፈስ ነው። ቁስልና ስብራት ላይ ግን ምላሹ ያንሳል። በሽታው አንድ ቢሆንም እንደየቦታው ጉዳቱ ይለያያል።

የማራኪዋ፦
ኑሩልኝ፣ ለእማዬ አነበብኩላት። አሁን የከበደኝ ምግቡ ነው። ዘመድ ማር በቅቤ ይዞ ይመጣል። እሷ ደግሞ ታማም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች።

ነርሷ ከአዘዞ፦
ማሩ ይቅር፤ ስኳሩን ነው የሚሰቅለው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በደንብ ይብሉ፣ እንጀራው መጠነኛ ይሁን። አጥንት ፕሮቲን ይፈልጋል። በፍስክ እንቁላልና ወተት ይጨመር። የሰዓቱን ነገር ለንስሐ አባታቸው ንገሪያቸው፤ የታመመ ሰው እንዲበላ ራሳቸው ይፈቅዳሉ። ኪኒኑን በጾም ምክንያት እንዳይዘሉ። በቀጠሮው ቀን የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ጠይቂ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉትን። ለብዙ ሰው ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለእሳቸው የሚስማማውን ሐኪሙ ይወስናል።

የማራኪዋ፦
በምርኩዝ ትንሽ ትንሽ ብትረግጥስ? «ምንም አያመኝም» ትላለች።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ሐኪሙ ራጁን አይቶ እስኪፈቅድ አይርገጡ። አያመኝም ማለታቸውን አትመኚው፤ ነርቩ ከደነዘዘ አጥንቱ እየተንቀሳቀሰም ላይሰማቸው ይችላል። እስከዚያው ተቀምጠው የደህናውን እግርና የእጃቸውን ጡንቻ ያሠሩ።