ተጠርጣሪን ማሠቃየት የሰው ሕይወት የሚያድን ከሆነስ?

የካዛንቺሱ፦
ባለፈው ሳምንት እስረኞች ይሠቃዩበት ስለነበረው የምርመራ እስር ቤት፣ ስለ ማዕከላዊ፣ ስንነጋገር ሁላችንም በአንድ ድምፅ አወገዝን፤ ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። እኔ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ነበርሁ። የተወረወረው ቦምብ ሁለት ሰው ገድሎ ከ150 በላይ ሲያቆስል፣ አጠገቤ የነበረች ልጅ አንድ እግር ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይመላለስብኛል፦ በዚያ ጠዋት ፖሊስ ስለ ጥቃቱ የሚያውቅ ሰው ይዞ ቢሆን፣ ሰውየውም አልናገርም ብሎ ቢጸና፣ ጣቱን ሳይነኩ መጠበቅ ይገባ ነበርን? በዱላ የእምነት ቃል ይቀበሉ እያልሁ አይደለም። ሕይወት ለማዳን ብቻ፣ ዳኛ ፈቅዶ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢደረግ ምን ነውር አለበት?

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦
ሕጉ ይህን ጥያቄ ሳያስብበት የቀረ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን አያያዝ ከከለከለና በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ካለ በኋላ፣ በአንቀጽ 93 ላይ አስቸኳይ ጊዜ በታወጀበት ወቅት እንኳ ከማይነኩት ጥቂት መብቶች መካከል አንቀጽ 18ን አስቀምጦታል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የፀረ ማሠቃየት ስምምነትም ጦርነትም ሆነ የጦርነት ሥጋት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይናገራል። እርስዎ የሚጠይቁት «አልፎ አልፎ» ታስቦበት የተዘጋ በር ነው።

የካዛንቺሱ፦
ሕግ ሰው የሚጽፈው ነው፤ ሊሻሻልም ይችላል። የጠየቅሁት ስለ ትክክለኛነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን ፍራንክፈርት የአንድ ባለባንክ የ11 ዓመት ልጅ ታግቶ፣ የከተማው ፖሊስ ምክትል አዛዥ ተጠርጣሪው እንዲናገር ሥቃይ እንደሚደርስበት እንዲነገረው አዘዘ። ሰውየው ገና ዛቻውን ሲሰማ ልጁ ያለበትን ቦታ ተናገረ። ያንን አዛዥ ክፉ ሰው ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ዶሮ ማነቂያ፦
ታሪኩን ከግማሽ ላይ አቆሙት። ልጁ የተገኘው ሞቶ ነው፤ አጋቹ የገደለው ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። ዛቻው ያዳነው ሕይወት የለም። ለምሳሌነት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ጉዳይ እንኳ በሚነገርለት መልክ አልተፈጸመም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ በምናባችን ውስጥ ሁልጊዜ ትክክለኛው ሰው ተይዟል፣ ሁልጊዜ ያውቃል፣ ሁልጊዜ ጊዜ አለ። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ከሦስቱ አንዱም አይታወቅም።

ጡረተኛው መርማሪ፦
ሃያ ሁለት ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ከሕግና ከፍልስፍና ይልቅ ስለ ሙያው ልናገር። የሚደበድብ መርማሪ መልስ አያጣም። ጣጣው መልሱ የራሱ መሆኑ ነው። «እገሌ አብሮህ ነበር አይደል?» እያለ ሲመታ ስሙን የሚያቀብለው እርሱ ነው፤ ተመርማሪው ደግሞ ዱላውን የሚያስቆመው ቃል የትኛው እንደሆነ ለመገመት ብዙ አይፈጅበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ የተያዘውና ወደ ግብፅ የተላከው አል ሊቢ የተባለ እስረኛ በዚህ መንገድ ነው ኢራቅ አልቃይዳን በኬሚካልና በባዮሎጂካል መሣሪያ አሠልጥናለች ያለው። ቃሉ በየካቲት 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሊን ፓወል ለጸጥታው ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር ውስጥ ገባ፤ በሚቀጥለው ወር የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ፤ በ2004 ሰውየው ሥቃዩ እንዲቆምለት የፈጠረው መሆኑን ተናግሮ ቃሉን አነሣ። አንድ የተሳሳተ መልስ ስንት ሰው እንዳስጨረሰ እናንተው አስቡት።

ሌላም ልጨምር። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አፉን ያልከፈተ ተጠርጣሪ ነበረኝ። ባልደረባዬ እጁ በልቶታል፤ እኔ ሻይ አስመጥቼ «ልጆችህ የት እንዳለህ ያውቃሉ?» አልሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ፤ ከዚያ ያወራ ጀመር፣ የተናገረውም ሲጣራ እውነት ነበር። ሁሉም እንዲህ ይናገራል አልልም። የማይናገር አለ፤ በዱላም አይናገርም።

በድሮ ጊዜ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር እንደነበረ አባቶቻችን ነግረውናል። ዕፅ የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ዱላም እንደዚያ ልጅ ነው፤ አንድ ደጃፍ ላይ መውደቁ አይቀርም።

የካዛንቺሱ፦
የሌባ ሻዩን ተቀበልሁ፤ ነገር ግን የእኔ ሐሳብ ዳኛ አለበት። ማስረጃው ተመዝኖ ነው የሚፈቀደው።

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦
ዳኛው በምን ይመዝናል? ማስረጃው ጠንካራ ከሆነ ፖሊስ ቦታውን ሊፈትሽ፣ ስልኩን ሊከታተል፣ አደባባዩን ሊዘጋ ይችላል፤ ደካማ ከሆነ ደግሞ በጥርጣሬ ሰው እንዲገረፍ መፍቀዱ ነው። በዚያ ላይ እርስዎ ሰኔ 16ን አነሡ፤ እኔ ሰኔ 11ን ላንሣ። ከፍንዳታው አምስት ቀን በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚሁ በአራት ኪሎው ምክር ቤት ቆመው መንግሥት ራሱ ዜጎችን ያሠቃይ እንደነበረ አምነዋል። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንዳች ልዩ ሁኔታ ከልክሎ ሳለ ያ ሁሉ ከተፈጸመ፣ «ዳኛ ሲፈቅድ» የሚል ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ ማዕከላዊ ውስጥ የፈቃድ ወረቀት ያልተጻፈለት እስረኛ ይገኝ ነበር ብለው ያስባሉ?

የአራት ኪሎዋ መምህርት፦
እስካሁን በዝምታ ስከታተል ነበር። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ከአንድ የቀበሌ እስር ቤት ወፌ ላላ ተገርፎ ወጥቷል። እጅና እግሩን ጠፍረው፣ ከጉልበቱ ሥር ዱላ አሾልከው፣ ገልብጠው ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። እስከ ዛሬ ድረስ ጫማ ሲገዛ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ነው። ስም አምጣ ሲሉት በመጀመሪያ አስቀድሞ የተገደለ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ስም ሰጠ። ሲደርሱበት በእጥፍ ገረፉት። በሦስተኛው ቀን በፖለቲካ አንድም ነገር የማያውቅ የሰፈራቸውን ዳቦ ጋጋሪ ስም ሰጠ፤ ለምን እርሱን እንደመረጠ ሲጠየቅ «ሲነጋ ሽታው ይመጣ ስለነበር ትዝ አለኝ» ይላል።

እርስዎ «አልፎ አልፎ» ይላሉ፤ ግን ያን አስተሳሰር የሚያውቅ ሰው በአንድ ጠዋት አይገኝም። ቀድሞ መማር አለበት፤ ለመማርም የሚለማመድበት ሰው ያስፈልገዋል። ደመወዝም ይከፈለዋል፤ ማታም ቤቱ ይገባል።

የካዛንቺሱ፦
የዳኛውን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የጀርመኑን አዛዥ ግን አልተውኩትም፤ እኔ በእርሱ ቦታ ብሆን ያዘዘውን አዝዤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ቀርቤ የሚገባኝን እቀጣ ነበር።

ዶሮ ማነቂያ፦
በእርሱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጥፋተኛ ተብሎ፣ የገንዘብ ቅጣቱ ተገድቦለት በማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ዛቻው ክልከላውን የጣሰ መሆኑን ወሰነ። ድርጊቱ ወንጀል እንደሆነ ይቆይ፣ ያደረገውም ይጠየቅ ካሉ ልዩነታችን በጣም ጠብቧል። እኔ ግን ከቅጣቱ ማነስ ጋር አልስማማም።

የካዛንቺሱ፦
መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዳቦ ጋጋሪው ምን ሆነ?

የአራት ኪሎዋ መምህርት፦
ዘጠኝ ወር ታስሮ ተፈታ። ማን እንደጠቆመበት ሳያውቅ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕመም ሞተ። አጎቴ ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ሳይወጣ ተቀምጦ ነበር። ሊናገር ፈልጎ ለማን እንደሚናገር ጠፋው።