ዊንዶውሱን ከነሙሉ ዕቃው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ፈልጌ ሰማያዊ ስክሪን በላኝ

ባለፎቶኮፒው፦
ሰላም ቤቶች። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ዴስክቶፗ አርጅታለች፣ ትንሽ እንደሠራች ትሞቅና ራሷን ታጠፋለች። መርካቶ ወርጄ ያገለገለ ኮር አይ 5 ገዛሁ። ግን አሮጌዋ ላይ ዊንዶውስ 10 አለ፣ የሒሳብ ፕሮግራሜ ፒችትሪ አለ፣ የአማርኛ መጻፊያዬ ፓወር ግዕዝ አለ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት የማመልከቻና የውል ፎርም አለ፣ ያንን ሁሉ እንደ አዲስ መጫን ማለት ሱቁን ሁለት ቀን መዝጋት ነው። ስለዚህ ክዳኗን ከፍቼ ማራገቢያ ደቀንኩባትና ክሎንዚላ በሚባል ፕሮግራም የሃርድዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (ቅጂ) ወሰድኩ። አዲሱ ላይ ስመልሰው መጀመሪያ ቡት የሚያደርግ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ) ዲስክ የለም አለኝ። ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተውን ማስተካከያ) ሌጋሲ ወደሚባለው የድሮ አነሳስ ሳደርገው የዊንዶውስ አርማ መጣ፣ ነጠብጣቦቹ ትንሽ ዞሩ፣ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን! «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አንዱን መሃል ላይ መብራት ሄዶብኝ። ኢሜጁ ተበላሽቶ ይሆን?

ነገር አልወድም፦
ፎርማት አድርገህ ተገላገል።

የድሮ ጠጋኝ፦
ፎርማት ቆይ። ኢሜጅህ ደህና ይመስለኛል፣ አርማው ከመጣ ዲስኩ ቡት አድርጓል ማለት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚቀሰቅሰው የለመደውን የዲስክ ድራይቨር (ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ብቻ ነው፣ የቀረው ተኝቷል። አዲሱ ማሽን ዲስኩን በሌላ መንገድ ሲያቀርብለት የተነሳበትን ዲስክ ራሱ ማየት ያቅተዋል።

ባዮስ ግባና ሳታ ሞድ (ማሽኑ ዲስኩን የሚያቀርብበት መንገድ) የሚለውን ፈልግ። ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ሬይድ የሚለው ምርጫ ላይ ነው የማገኘው። ኤኤችሲአይ ወደሚለው ቀይረው። እንደዚያም ካልተነሳ በሴፍ ሞድ (መሠረታዊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) አስነሳው፦ ሁለት ሦስቴ ሲከሽፍ ራሱ የሪከቨሪ ገጽ ያመጣልሃል፣ ትሮብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥርን ተጫን። ሴፍ ሞድ የተኙትን የዲስክ ድራይቨሮች ይቀሰቅሳቸዋል። አንዴ ከገባልህ ሪስታርት አድርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው በደንብ ይነሳል።

ሌጋሲውን አትንካው። የአሮጌዋ ዲስክ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አከፋፈል ስለሆነ ነው በአዲሱ አነሳስ፣ በዩኢኤፍአይ፣ እምቢ ያለህ። እና የአሮጌዋን ሃርድዲስክ ወር እስኪሞላ እንዳታጠፋው፣ አደራ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን ለእነሱ ልተውና ስለ ፒችትሪው ልንገርህ። ኢሜጅ አለኝ ብለህ አትተኛ። አሮጌዋ እየተነሳች እያለ ፒችትሪ ውስጥ ፋይል፣ ባክአፕ ብለህ ፍላሽ ላይ አውጣው፣ መጨረሻው ፒቲቢ የሚል ፋይል ነው። እኔ ያለዚህ ቀርቼ የአንድ ሩብ ዓመት ደረሰኝ ከወረቀት እንደገና አስገብቻለሁ፣ ለጠላቴም አልመኝም።

ባለፎቶኮፒው፦
ተነሳ!! እውነትም ሬይድ ላይ ነበር። ኤኤችሲአይ ብቻውን አልበቃም፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ካስነሳሁት በኋላ ግን ቀጥ ብሎ ገባ። ፒችትሪም ተከፈተ፣ ባክአፑንም አወጣሁ እህቴ፣ ተባረኪ። አሁን ኔትወርክ የለም፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርግ ይላል።

የድሮ ጠጋኝ፦
የኔትወርክ ድራይቨሩ ነው። ስልክህን በኬብል አገናኝና ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) ክፈት፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ያወርደዋል። አክቲቬሽኑ ማዘርቦርድ ስለተቀየረ ነው፤ ከአሮጌዋ ጋር የመጣ ላይሰንስ ከሆነ ከእሷው ጋር ይቀራል፣ አዲሱ ግን የራሱ ሊኖረው ይችላል፣ ጀርባው ላይ የላይሰንስ ስቲከር ፈልግ። ደግሞ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው) ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ የማንንም ፍላሽ ስትሰካ ተጠንቀቅ።

ባለፎቶኮፒው፦
የማንንም ፍላሽ መሰካት እኮ ነው ሥራዬ 😂 ስቲከሩን አገኘሁት፣ ግማሹ ተፍቋል። ማታ በስልክ መብራት አየዋለሁ፣ አሁን አምስት ሰው ቆሞብኛል።