በነጭ ሣር ጉዳይ ማን ተጠየቀ?

የኩልፎ ልጅ፦
ሰሞኑን ስለ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ወሰን በተካሄደ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ከኅብረተሰቡ ጋር ተወያይተን ተግባብተናል» ማለታቸውን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የትኛው ኅብረተሰብ ነው የተግባባው? በሜዳው ከብቱን የሚያሰማራው ጉጂ፣ በምሥራቅ በኩል የሚያርሰው ኮሬ፣ ከአርባ ምንጭ ተነሥታ ከጫካው እንጨት ተሸክማ የምትመለሰው እናት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከተስማሙ ቃለ ጉባኤው ይውጣና እናንብበው። አበል ለመቀበል የተፈረመ ወረቀት የስምምነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ገላጣ ሜዳ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እስኪግባባ ስንት ዓመት እንጠብቅ? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም እንዲጠበቁ ከታሰቡት እንስሳት አንዱ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ቆርኬ ነበር። ከሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ጭምር ተጭኖ መጥቶ የተለቀቀው መንጋ ግን ከዓመት ዓመት እየመነመነ ሄዶ ከመጥፋት አፋፍ ደርሷል። ቆርኬ ገላጣ የሣር ሜዳ ይፈልጋል፤ ከብት ሣሩን ሲጨርሰው ቁጥቋጦውን የሚገታ እሳት የሚቀጣጠልበት ድርቆሽ አይተርፍም፣ ግራሩም ሜዳውን ይወርሰዋል። ግራር የዋጠውን ሜዳ ስብሰባ አይመልሰውም።

የኮሬ ገበሬ ልጅ፦
«ስንት ዓመት እንጠብቅ» የሚለው ነገር ከዚህ በፊትም ተብሎ ውጤቱን አይተነዋል። የፓርኩ አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ለተባለው ፓርክ አስተዳዳሪ ድርጅት ሊሰጥ በነበረበት በ2004 እ.ኤ.አ. የእኛ ሰዎች ከእርሻቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ የጉጂዎች ቤት መቃጠሉም በወቅቱ ተዘግቧል። ድርጅቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ለቆ ሲሄድ የሰፈራው ጉዳይ እልባት አላገኘም ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ችኮላ ለቆርኬው ምን ፈየደለት? በግድ የተነሣ ሰው መመለሱ አይቀርም፤ ሲመለስም ለፓርኩ ቂም ይዞ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በቆሎ ሲያሽት ልጆቻችን ከትምህርት ቀርተው ቀን ዝንጀሮ ሲያባርሩ ይውላሉ፣ አባቶቻቸው ደግሞ ከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያድራሉ። ስለዚህ ጉዳት ካሣ የተነሣበት ስብሰባ እኔ አላውቅም።

ገላጣ ሜዳ፦
ማንም በግድ ይነሣ አላልኩም፤ ያላልኩትን አይጫኑብኝ። ያልኩት ጊዜ የለንም ነው።

የኮሬ ገበሬ ልጅ፦
በ2004ም የተባለው ይኸው ነበር፤ ስለዚህ ነው ቃሉን የማልለቀው።

መንዝ፦
በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ተመልከቱ። ሕዝቡ በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋው ነበር፤ ተራው ሲደርስ ብቻ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ከብትም ይገባል። የ1975ቱ እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልሶ አደራጅቶታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። ደንቡን ያወጣው ሰው ደንቡን ይጠብቃል።

የኩልፎ ልጅ፦
ጓሳን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልዩነቱ አይዘለል። እዚያ የጥንት አባቶቻቸው የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ሰዎች የጋራ ርስታቸውን ነው የጠበቁት። እዚህ በ514 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተለያየ ቋንቋና ኑሮ ያላቸው ሕዝቦች ይገናኛሉ፣ በላዩም የክልል ወሰን ክርክር አለበት። ቀሮውን ማን ይዘጋል፣ ማን ይከፍታል?

መንዝ፦
ይህን መመለስ ያለባቸው የጉጂ አባ ገዳዎች፣ የኮሬና የጋሞ ሽማግሌዎች ራሳቸው ናቸው። የጋሞ አባቶች ጠብ ለማብረድ እርጥብ ሣር ይዘው ሲወጡ አይተናል፤ ሽምግልና ለአካባቢው አዲስ አይደለም።

ገላጣ ሜዳ፦
ሽማግሌዎቹ ይቀመጡ፣ እኔም እደግፋለሁ። እስኪጨርሱ ድረስ ግን ሜዳው ላይ ከብት ይግባ ወይስ አይግባ? ለዚህ እስካሁን ማናችሁም መልስ አልሰጣችሁኝም።

የኮሬ ገበሬ ልጅ፦
ለሜዳው የጉጂ ወንድሞቻችን ይመልሱ፤ እኔ ስለ እነርሱ ልናገር አልችልም። እዚህ ከተነጋገርነው መካከል ደግሞ አንድም የጉጂ ሰው የለም።