የመሶብ ቅርጽ ያለው ግጥም፣ ግጥም ነው?

የመርካቶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እናቴ መሶብ ግጥም እየጻፍኩ ነው። መስመሮቹን አስረዝሜና አሳጥሬ የመሶብ ቅርጽ አስያዝኳቸው። ክዳኑ ሹል፣ ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ሰፋ ያለ። ጓደኛዬ ግን «ይሄ ሥዕል እንጂ ግጥም አይደለም» አለችኝ። ከእኔ በፊት እንዲህ የሞከረ አለ?

ቀለም ቀንድ፦
እህቴ፣ በጣም የቆየ ነገር ነው! ግሪካዊው ሲሚያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በክንፍ፣ በእንቁላልና በመጥረቢያ ቅርጽ ገጥሟል። እኔ የምወደው ግን እንግሊዛዊውን ጆርጅ ኸርበርትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1633 የታተመው የክንፍ ግጥሙ ስለ ሰው ውድቀት ሲያወራ መስመሩ እያጠረ ይሄዳል። «እጅግ ድሃ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል። ከዚያ እንደገና ይሰፋል። አየሽ፣ ቅርጹ ራሱ ይናገራል።

ዘ ልደታ፦
ፈረንሳዊው ገጣሚ አፖሊኔርም አለ። ስለ ዝናብ ሲጽፍ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወደ ታች አንጠባጠባቸው። መጽሐፉ የወጣው በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ ይበልጥ ያምራል ባይ ነኝ። «ዝናብ» ሦስት ጠብታ ነው፤ ዝ፣ ና፣ ብ። ብትበትኚውም ድምፁ አይሰበርም። የወሰኔ ኮስሮፍን ሥዕሎች እዪ፣ ፊደሉ እዚያ ይጨፍራል።

የመርካቶዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ወገቡን ቀየርኩት። እናቴ የታመመችበትን ዓመት እዚያ አስገባሁት። መስመሩ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ባዶ»።