የነሐሴው ጉዞ፦ ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው። ቦታው ሰሜን ጣሊያን፣ ከቪቼንዛ በስተደቡብ፣ ቪላ ሳራቼኖ። ታዋቂው የጣሊያን አርክቴክት አንድሪያ ፓላዲዮ በ1540ዎቹ የነደፈው ቤት ነው። ላንድማርክ ትረስት የሚባል የእንግሊዝ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት በ1989 ገዝቶ አደሰውና ለዕረፍት ያከራየዋል። 16 ሰው ያስተኛል። እኛም ልጆቹን ጨምሮ 16 ነን። ከ8 ኦገስት 2026 ጀምሮ አንድ ሳምንት ብዬ ጽፌያለሁ። ያልጣማችሁን ተናገሩ።

የሮማዋ፦ ቤተ መንግሥት የጠበቃችሁ ካላችሁ ቁርጣችሁን እወቁ። የእርሻ ቤት ነው። ፓላዲዮ ለባለርስት ሲሠራ ሳሎኑንም ጎተራውንም አንድ ጣራ ሥር ነው የሚያስገባው። ፎቶውን አተልቃችሁ እዩት፤ ሦስት ቅስት ያለው በረንዳ አለ፣ ከላይ የተደረደሩት ትንንሽ መስኮቶች የእህሉ ናቸው። ጌታው ግድግዳውን በሥዕል አስጊጦ ይቀመጣል፣ ከአናቱ በላይ ስንዴው። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስንዴውን ተዪውና ስለ ምጣድ እናውራ። አምና ቶስካና የተከራየነውን ቤት ረሳችሁት? የድንጋይ ግንብ፣ የወይን ማሳ፣ ምን ያልነበረው አለ። ምጣዱን ሰካን፣ አንዷ ኦቨን ከፈተች፣ መብራቱ ድርግም። ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ጣሊያን ውስጥ ለተራ ቤት የሚገባው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ 3 ኪሎዋት ነው። ቆጣሪው ያለው ደግሞ አጥሩ ጋ ነበር። በነጠላ ጫማ፣ በሞባይል መብራት ጠጠሩን እየረገጥኩ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ! ቀብድ ሳንከፍል ቤቱ ስንት ኪሎዋት እንዳለው በጽሑፍ ይጠየቅ።

ጸሐፊ፦ ቁጥር 1 አድርጌዋለሁ።

የለንደኗ፦ ምጣዱ ይቅርብን። የሙኒኩ፣ አንተ በመኪና ስለምትመጣ እንጀራ ጫንልን። በርበሬና ሽሮ በእኔ ይሁን። ቅቤና ቋንጣ ግን አትጠብቁኝ፤ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤውን እዚያው ገዝተን እናነጥራለን። ኮሰረትና ኮረሪማውን አመጣለሁ።

የሙኒኩ፦ ችግር የለም፣ 9 ሰው የሚይዝ ቫን እከራያለሁ። ቪቼንዛ መሀል ከተማ ግን ይዤው አልገባም። የድሮዎቹ ከተሞች መግቢያ ላይ ካሜራ አለ፤ ያለ ፈቃድ ከገባህ፣ ጉዞውን ረስተኸው ቅጣቱ ቤትህ ይመጣል። ሌላ፤ የእህቴ ልጅ ልምጣ እያለ ነው። ሶፋ ላይ ይተኛል።

የሮማዋ፦ ወንድሜ፣ ይሄ አይሆንም። እዚህ አገር አከራይ የእያንዳንዱን እንግዳ መታወቂያ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ደብቀን ብናስገባው ችግር ውስጥ የምንከተው አከራዩን ነው። ከተማ ውስጥ አልጋ ይያዝና ቴአትሮ ኦሊምፒኮ የሚባለውን የድሮ ቲያትር ቤት ልናይ ስንሄድ ይቀላቀለን። እሱም የፓላዲዮ ሥራ ነው፣ ከ1585 ጀምሮ ቆሟል። ቋንቋውንም አይፍራ። ፌርማታ፣ ላቫጆ፣ ጎሚስታ ካለ ግማሹን ያውቀዋል።

ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ ቀኑንስ አያችሁት? 8 ኦገስት እኮ ፍልሰታ ነው። እናንተ ላዛኛ ስትቆርሱ እኔና ባለቤቴ ሰላጣ ይዘን ልናያችሁ ነው? ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። በፈረንጁ 22 ኦገስት፣ ዘንድሮ ቅዳሜ ይውላል። ፌራጎስቶ የሚባለው የጣሊያኖቹ በዓልም 15 ላይ ስለሆነ ያኔ አልፏል፤ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ አንንከራተትም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፣ ይቅርታ። የትኬት ዋጋ ብቻ ነበር ያየሁት።

የለንደኗ፦ ጋሼ፣ እንግዲያው የመጀመሪያው ማታ ዶሮ ወጥ ነው። ሽንኩርት የሚከትፍ ካሁኑ ይመዝገብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ፣ ከ12 ዓመት በታች ግማሽ። ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፣ ቆጣሪ ጋ አትላኩኝ እንጂ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ይኸው። ከ22 እስከ 29 ኦገስት፣ 16 ሰው ብቻ፣ ኪሎዋቱ በጽሑፍ ተረጋግጦ ቀብድ ይከፈላል፣ ልጆች ግማሽ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍ፤ ሰኞ ለአከራዩ እልካለሁ።

የሙኒኩ፦ እንጀራ 60 ይበቃል?

የለንደኗ፦ 100 አድርገው። አምናም ይበቃል ብለህ ነበር።